ዘግይቶ ስለ ደረሰ አምቡላንስ አቤት ማለት

ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን የማያምን ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ሕይወትና ሞት በእግዚአብሔር እጅ መሆናቸውን ማመን፥ ሰው በቸልታው ካደረሰው ጥፋት ነጻ ነው ማለት አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ባለመለየታችን ብዙ በደል ሳይጠየቅ ቀርቷል። ስለዚህ ዛሬ ተጠርቶ ስለ ዘገየ አምቡላንስና በዚህ ምክንያት ስለ ተጐዳ ቤተ ሰብ አቤቱታ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ አዊ ምድር እንሂድ። ከእንጅባራ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል፤ እሳተ ገሞራ በቈፈረው ጕድጓድ ውስጥ የተኛ፥ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ጥልቅ ውሃ ነው። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያደንቀዋል። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ባለው ደጋ፥ በአንድ ገበሬ ቤት፥ ሌሊት እናት ወልዳ ደሟ አልቆም አለ እንበል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ጤነኛዪቱን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል እንደሚችል ሐኪሞች ያስተምራሉ። ባልየው በስልክ ይጠራል፤ «መኪናው ተነሥቷል» የሚል መልስ ያገኛል። ጎረቤቶቹ ቃሬዛውን አሰናድተው ሊሸከሟት ቆመው ነበር፤ ይህን ቃል ሲሰሙ ግን ቃሬዛውን አስቀምጠው መንገድ መንገዱን ማየት ጀመሩ። መኪናው የደረሰው ለቅሶ ሲጀመር ሆነ።

በማግሥቱ ቤተ ሰቡ «ዘገየብን» ሲል፥ መሥሪያ ቤቱ «በጊዜው ወጥቷል» ይላል። ጥሪው የደረሰበት፥ መኪናው የወጣበትና የደረሰበት ሰዓት ካልተጻፈ፥ የሁለቱም ቃል ነፋስ ነው። ዳኛም ቢሆን በነፋስ ላይ ሊፈርድ አይችልም።

በሌላ አገር የሆነውን እንይ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 በለንደን የአስም ሕመም ለጸናባት ለአንዲት ሴት ሐኪሟ አምቡላንስ ጠራች። ጥሪው ሦስት ጊዜ ቢደጋገምም «ይመጣል» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልተነገራቸውም፤ መኪናው የደረሰው ከ40 ደቂቃ ያህል በኋላ ነው። ሴትዮዋ እስትንፋሷ ተቋርጦ በአእምሮዋ ላይ ጕዳት ደረሰባት። በሙግቱ ጊዜ የመድረሻው ሰዓት በመዝገብ ላይ በሐሰት መጻፉ ታወቀ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2000 ሲፈርድ፥ ጥሪውን ተቀብሎ «እመጣለሁ» ያለ የአምቡላንስ አገልግሎት በበሽተኛዋ ፊት ግዴታ ገብቷል አለ። መዘግየቱን ነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ በሌላ መኪና ወደ ሐኪም ቤት ይወስዷት እንደ ነበር ተረጋግጧልና። የለንደኑ መኪናና የዘንገናው ቃሬዛ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ «መጣሁ» የሚለው ቃል ሌላውን በር ሁሉ ይዘጋል፤ ስለዚህ ተናጋሪውን ያስራል።

የእኛም አገር ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126፥ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ በፈጸመው ጥፋት የተጐዳ ሰው ከመንግሥት ካሣ ለመጠየቅ እንዲችል ፈቅዷል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ የትዳር ጓደኛው፥ ወላጆቹና ልጆቹ ለቀረባቸው መተዳደሪያ ካሣ ለመጠየቅ ይችላሉ። ስለ ኅሊና ሐዘን የሚከፈለው ግን በዚያው ሕግ በአንቀጽ 2116 ከአንድ ሺህ ብር እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ያ ገንዘብ በ1952 የነበረውን ዋጋ ዛሬ እንደሌለው ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው፥ ክሱ ጕዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ የሚቀር መሆኑ ነው። ሙት ዓመቱን ሁለት ጊዜ ካወጣ በኋላ የሚነሣ ሰው ዘግይቶ ይደርሳል።

ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ሌላ መንገድም አለ። አቤቱታው አስቀድሞ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፥ ቀጥሎም ለዞኑ ይቀርባል። መልስ የታጣ እንደ ሆነ በአዋጅ ቍጥር 211/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ተበዳዩ ራሱ ወይም ቤተ ሰቡ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ያለ ክፍያ ሊያመለክቱ ይችላሉ።

ባለሥልጣኖቻችን አቤቱታን እንደ ስድብ ባይቈጥሩት መልካም ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት፥ ሰውን የሚያቃጥለው ያጣው ነገር ብቻ ሳይሆን የሚሰማው ማጣቱ ጭምር መሆኑን ስላወቁ ነው። እውነት ለመናገር አምቡላንስ የሚዘገየው ሁልጊዜ በሾፌሩ ስንፍና አይደለም። ነዳጅ ያልተመደበለት፥ ጐማው ያለቀበት፥ ወይም ለሌላ ጕዳይ የተላከ መኪና ሊኖር ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተነሣም መንገድ የሚዘጋበትና ሾፌሩ ራሱ ለሕይወቱ የሚሰጋበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ግን ሰዓቱን ላለመጻፍ ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም ምክንያቱ በዚያው ሰዓት ቢጻፍ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰውን ሾፌር ያድነዋል፤ ነዳጅ የከለከለውንም ያሳያል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይደረጉ እንላለን። የመጀመሪያው፥ ጥሪው የደረሰበት፥ መኪናው የወጣበት፥ በሽተኛው ዘንድ የደረሰበትና ለሐኪም ያስረከበበት ሰዓት በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ ቤተ ሰብም በጠየቀ ጊዜ ግልባጩ ይሰጠው። ሁለተኛው፥ መኪና የሌለ ወይም የሚዘገይ እንደ ሆነ እውነቱ ወዲያውኑ ይነገር፤ «የለም» የሚለው ቃል መራራ ቢሆንም ቃሬዛውን ያስነሣል። ሦስተኛው፥ ጥሪ የሚቀበለው ሰው በአዊ ምድር አገውኛም የሚሰማ ይሁን፤ የጨነቀው ሰው በእናቱ ቋንቋ ይጮኻልና።

የመጨረሻው ቃላችን ለካህናት አባቶቻችን ነው። ሐዘንተኛ ከእናንተ ዘንድ መጽናናትን ይሻል፤ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔር ነሣ» ማለታችሁም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጌታችን በወንጌል ያመሰገነው ቍስለኛውን በገዛ አህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ያደረሰውን ሳምራዊ ነው፤ አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ግን አልተመሰገኑም። ዳኛውን ሳትታክት «ፍረድልኝ» ያለችውንም መበለት የጸሎት ምሳሌ አድርጎ ሰጠን እንጂ አልገሠጻትም። ከፍትሐቱ በኋላ ሐዘንተኛውን ለብቻው ጠርታችሁ «ሰዓቱን ታስታውሳለህን? የሰሙትን ምስክሮች ስም ጽፈሃልን? ሁለት ዓመት ሳያልፍብህ አመልክት» ብትሉት፥ የሞተችውን ባያስነሣም የምትቀጥለውን እናት ያድናል።