የበግ አርቢ ትርፍ ባልሸጠው አውራ ነው

ይህን ከእኔ ሰማን አትበሉ። መንዝ ውስጥ በእንስሳት ጤና ሥራ የከረመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስብሰባ ላይ ግን ደፍሮ የሚናገረው የለም። ባለ ሱፍ በግ የሚያረባ ሰው ከሱፉ አይከብርም። የሚከብረው ገበያ አውጥቶ ባልሸጠው አውራ ነው።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት መሃል ሜዳ ገበያ ቆማችሁ ነጋዴውን እዩት። በጉን ከኋላ ይይዝና በአውራ ጣቱ ወገቡን ይጫናል። አጥንቱ ካልቆረቆረው ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ ከዚያ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ገና የወተት ጥርሱን ያልቀየረ፣ ከእኩዮቹ ግን በቁመናው ልቆ የወጣ ጠቦት ካገኘ በዋጋ ብዙ አይከራከርም። አርቢውም ገንዘቡን ቋጥሮ ደስ ብሎት ይገባል። ቤት የቀረው ማን ነው? ነጋዴው የናቀው ነዋ! በሚቀጥለው ወቅት ሴቶቹን የሚያጠቃቸው ያ ጫጫ ያለ ጠቦት ነው። እንዲህ እየተተካ መንጋው በየዓመቱ እየኮሰሰ ይሄዳል፤ ሰውም «ግጦሹ ጠፍቶ ነው» ይላል። ግጦሹስ በእርግጥ ጠቧል። ፈጥኖ የሚያድገውን ዘር በየበዓሉ ለቢላዋ የሰጠነው ግን እኛው ነን።

መንግሥት ለዚህ መፍትሔውን ከባሕር ማዶ ነበር የፈለገው። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የበግ ማራቢያዎች ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የሚባሉ ዘሮች ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅለዋል። ባለሙያው በኪሎና በሱፍ ብዛት ሲደሰት ገበሬው አንገቱን ነቀነቀ፤ ላት የሌለውን አውራ ለምን ብሎ ይውደድ? የመንዝ ሰው አውራ ሲመርጥ የላቱን ስፋትና የጫፉን መጠማዘዝ፣ የቀንዱንም አወጣጥ ያያል። በኋላ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ግን ባለ ላት ስለሆነ ተቀባይነት አገኘ።

እሱም ቢሆን ያለ ጣጣ አልዘለቀም። በማራቢያዎቹ ሜዲ ቪስና የሚባል በሽታ ታየ። ቀስ ብሎ ሳንባን የሚበላ ቫይረስ ነው፤ በእንገርና በወተት፣ በትንፋሽም ይተላለፋል፤ መድኃኒትም ክትባትም የለውም። በጉ ተይዞም ለረጅም ጊዜ ጤነኛ ይመስላል፣ ከዚያ እየከሳ ይሄድና ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚህ የተነሳ የዲቃላ አውራ ስርጭት እስከ መቋረጥ ደረሰ። ስለዚህ አንድ ሰው «የተሻሻለ ዘር» ብሎ አውራ ቢያመጣላችሁ ስለ ደም ምርመራው ጠይቁት። ቅር ይበለው እንጂ ጠይቁት።

ፍሬ ያየሁበት መንገድ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ በመሃል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ተመራማሪዎችና ገበሬዎች በማኅበር ሆነው የራሳቸውን የመንዝ በግ ከራሱ ዘር መርጠው ማሻሻል ጀመሩ። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይታሰርለታል፣ እናቱ ትመዘገባለች፣ በስድስት ወሩ ይመዘናል። ከዚያ የመንደሩ ሰዎች ምርጦቹን ወንዶች አሰልፈው መዝገቡንም መልኩንም እያዩ ደረጃ ይሰጣሉ። ያለፈው አውራ በጋራ መንጋ ውስጥ ይሠራል፤ ሴት ልጆቹ ለጥቃት ሳይደርሱ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል፣ ያለዚያ አባት ልጁን ያጠቃል።

ከጀርባ ያለው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ገበሬው ምርጡን ጠቦት ለምን ፈጥኖ እንደሚሸጥ ይታወቃል፤ ማዳበሪያ አለ፣ የልጅ ደብተር አለ፣ ዕቁብ አለ። «ለዘር አቆየው» ማለት «ዕዳህን አቆየው» እንደ ማለት ነው። ማኅበሩ ለመሥራት የሚችለው ተዘዋዋሪ ገንዘብ ካለውና ያንን ጠቦት ነጋዴው በሚሰጠው ዋጋ ከባለቤቱ ከገዛው ብቻ ነው። ሣጥኑ ባዶ በሆነ ዓመት ምርጦቹ ቁጥራቸውን ጆሯቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ገበያ ይወጣሉ።

ወደ ሱፉ እንመለስ። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ለባና፣ ለዝተት፣ ለበርኖስ እንጂ ለሹራብ አይሆንም። ለበርኖስ የሚፈለገው ጥቁሩ ነው፤ ገበያው ደግሞ ለሥጋ ጥቁር በግ አይወድም፣ ነጩንና ቀዩን ይመርጣል። እንግዲህ አርቢው ለፈታይዋ ሚስቱ ጥቁር፣ ለነጋዴው ቀይ ማቆየት አለበት። ከሁለቱ ማን እንደሚያሸንፍ መንጋውን አይቶ መናገር ይቻላል።

ቢሆንም ሸልቱ። የሽልታ ትርፉ ጤና ነው። ክንፍ የሌላት ደም መጣጭ ዝንብ ሱፉ ሥር ተደብቃ እከክ ታመጣለች፤ በጉ ሲታከክ ሱፉ ይረግፋል፣ ቆዳውም ፋብሪካ ሲደርስ ነጠብጣብ ሆኖ ደረጃው ይወርዳል። ሲሸለት ከተባዩ ብዙው አብሮ ይሄዳል፣ የቀረውንም መድኃኒቱ በቀላሉ ይደርስበታል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ ግን መቀስ አታንሡ።

ሌላው ሹክሹክታ ስለ ጉበት ትል ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ረግረጉ አረንጓዴ ስለሆነ ሁሉም በጉን ወደዚያ ይነዳል፤ ትሉን የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ ያለው እዚያው ነው። በገበያ ቀን መሬት ላይ ተነጥፎ የሚሸጠውን ክኒን በግምት ግማሽ ግማሽ አድርጎ ማዋጥ ትሉን አይገድልም፣ መድኃኒቱን ያለማምደዋል። ደግሞም አልቤንዳዞል የሚደርሰው ያደገውን ትል ነው፤ ጉበት እየበሳ ያለውን ጫጩት ትል ትራይክላቤንዳዞል ይገድለዋል። መጠኑ የሚታወቀው በጉ ሲመዘን ነው።

ድንበር ተሻግረው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ በኩል ያሉ ወገኖች «የመንዝ በግ እዚህ ይሆናል ወይ?» ይላሉ። አይሆንም። ያ ሱፍ ለውርጭ የተሰጠ ነው፤ በዚያ ሙቀት በጉ ሲያለከልክ ይውላል። የሱዳን በረሃ በግ ጠጉሩ አጭር፣ እግሩ ረጅም ነው፣ ረጅም መንገድ ይነዳል፤ በሱዋኪን ወደብ ወደ ሳዑዲ የሚጫነውም እሱ ነው። እዚያም ቢሆን ነጋዴው ቀድሞ የሚያነሣው ምርጡን ወንድ ስለሆነ የመንዙ ምክር ይሠራል።

አውራ ልትገዙ ስትወጡ ታዲያ ላቱ አያታልላችሁ። ትናንት ማታ ጨው አልሰው ውሃ ያጠጡት በግ ጠዋት ሆዱ ሞልቶ ይታያል። ዳገት አስሩጡትና ካሳለ ተዉት። ሁለቱም ቆለጦቹ እኩል መውረዳቸውን በእጃችሁ ዳስሱ። ከዚያ «እናቱ የታለች? ስንት ወልዳ ስንት አሳደገች?» በሉ። ሻጩ እናቱን ለማሳየት ካመነታ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።