ለሐጅ ላም መሸጥ ወይስ ለሐጅ መቆጠብ? የማሌዥያ ሙስሊሞች ልምድ



ሐጅ ግዴታ የሚሆነው አቅም ላለው ሰው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ይሁንና «አቅም» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በዚያው ዓመት እጃችን ላይ ያለውን ብር ነው። ዑለሞቻችን ግን የተጓዡን ስንቅና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን፣ እስኪመለስ ድረስ የቤተሰቡንም ቀለብ ይቆጥራሉ። መሬቱን ሸጦ፣ በሬውን ነድቶ የሄደ ሰውስ ሲመለስ በምን ይኖራል?

በማሌዥያ ይህ ጥያቄ የብዙ ገጠሬዎች ችግር ነበር። የማላይ ገበሬ ወለድን ስለሚፈራ ገንዘቡን ባንክ አያስገባም፤ ፍራሽና ትራስ ውስጥ ይደብቀዋል። አልበቃ ሲለው መሬቱንና ከብቱን ይሸጣል። «ሐጂ» ተብሎ በክብር ሲመለስ የሚያርሰው የለውም።

ፕሮፌሰር ኡንጉ አዚዝ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ገበሬው ለዓመታት ጥቂት በጥቂት የሚያስቀምጥበት፣ ወለድ የሌለበት፣ ገንዘቡም ሐላል ሥራ ላይ ውሎ ትርፉ ለባለቤቱ የሚደርስበት ተቋም ይመሥረት የሚል ነው። ተቋሙ በ1963 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ታቡንግ ሐጂ ይባላል። ገንዘቡን ካዋለባቸው ዘርፎች አንዱ የፓልም እርሻ ነው። ፓልም ከተተከለ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ማፍራት ይጀምርና ከ20 ዓመት በላይ ይሰጣል። ለሐጅ ከሚቆጥብ ሰው ጋር የሚስማማ ተክል ነው! አሁን ወላጆች ለሕፃናት ልጆቻቸው ሳይቀር ሒሳብ ይከፍታሉ፤ ምክንያቱም የሐጅ ተራው ራሱ በአሥርተ ዓመታት የሚቆጠር ሆኗል።

ይህን ስንል ግን ጉዞው ሁሉ ያማረ ነበር ማለታችን አይደለም። ተቋሙ ትርፍ ማከፋፈል የሚችለው ንብረቱ ከዕዳው ካላነሰ ብቻ እንደሆነ ሕጉ ይደነግጋል። በዲሴምበር 2018 የአገሪቱ መንግሥት ለፓርላማ እንዳሳወቀው ግን ንብረቱ ከዕዳው በ4 ቢሊዮን ሪንጊት ገደማ አንሶ ነበር፤ ትርፍ ማከፋፈሉ ግን ለዓመታት አልተቋረጠም። ነብዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በጥጋቡ ዘመን ከሚበላው ጥቂት በቀር እህሉ በዛላው እንዲቀመጥ መከሩ፤ እዚህ ግን የክፉ ቀኑም ድርሻ በደጉ ቀን ተበላ። መንግሥት የተጎዱትን ንብረቶች ወደ ሌላ ድርጅት አዛውሮ ተቋሙን አተረፈው። የ2018 ትርፍ ግን 1.25 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 4.5 በመቶ ነበር። በእኛ አመለካከት ዝቅ ያለው ቁጥር የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ አስቀማጩን ባያስደስትም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ በሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮቶች በመከፈታቸው፣ «ወለድ ስላለበት ቤቴ አስቀምጣለሁ» የሚለው ምክንያት ቀንሷል። ለሐጅና ዑምራ ተብሎ የተለየ የቁጠባ ሒሳብም አለ። ዕቁብ ጥሩ ነው፣ መተጋገዝንም ያስተምራል፤ ነገር ግን የሚሰጠን የጣልነውን ያህል ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ሥራ አይሠራም።

ሒሳብ የሚከፍት ወንድም ወይም እህት ግን የትርፉን መቶኛ ብቻ ጠይቆ መውጣት የለበትም። ገንዘቡ በአደራ ነው ወይስ በሙዷረባ የሚቀመጠው? በአደራ ከሆነ ትርፍ ቃል ሊገባልን አይችልም። በሙዷረባ ከሆነ ደግሞ ሥራው ሲከስር፣ ሠራተኛው ካላጠፋ በስተቀር፣ የካፒታሉን ኪሳራ የሚሸከመው ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው ነው። ገንዘቡ የት ሥራ ላይ እንደዋለና ትርፉ በምን ድርሻ እንደሚካፈል ደግሞ ከመፈረማችን በፊት ውሉ ላይ ተጽፎ ልናነበው ይገባል።