ያለ ኢንተርኔት ስትሪሚንግ፣ በድሮ ጌም ላይ

ስትሪሚንግ ሲባል ዩቲዩብና ሳይታሰብ የሚያልቅ ፓኬጅ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ ቆይ አንዴ። እኔ ፃግብጂ አክስቴ ቤት ስሄድ ሙዚቃ የምሰማው በፒኤስፒ ነው። አዎ፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ያወጣው የእጅ ጌም!

አቅም አንሶት አይደለም የተረሳው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆምብሩ ልጆች፣ ማለትም ሶኒን ሳያስፈቅዱ ለማሽኑ የራሳቸውን ፕሮግራም የሚጽፉት፣ «ፒኤስፒ ሬዲዮ» የሚባል ማጫወቻ ሠርተውለት ነበር። ሶኒ የራሱን የኢንተርኔት ሬዲዮ ያመጣው በ2007 መጨረሻ ነው። ዛሬ ያስቸገረው ቁልፉ ነው። አብዛኛው ድረ ገጽ በአዲስ ምስጠራ ተዘግቷል፤ ማሽኑ ደግሞ አያውቀውም። ስልኮቻችን ለሆትስፖት የሚጠቀሙበትን ደብሊውፒኤ2 የተባለ መቆለፊያም ፒኤስፒ ሲሠራ ጀምሮ አይቀበልም።

መላው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ሆትስፖት ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም፤ በሁለት ዕቃዎች መሀል ያለ ሽቦ የሌለው ገመድ በሉት። ስልኩ ላይ ትንሽ የሙዚቃ ሰርቨር ይከፈታል፣ ያለ ምስጠራ በኤምፒ3 ይለቃል፣ ፒኤስፒው እየተቀበለ ያጫውታል። ሆትስፖቱ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ያለ ይለፍ ቃል ይሁን። መጀመሪያ ግን ዳታውን አጥፉ፤ አለበለዚያ ጎረቤት ፓኬጃችሁን ይጨርስላችኋል። በ128 ኪሎቢት የሚለቀቅ ሙዚቃ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በዚህ መንገድ ግን ከፓኬጃችሁ አንድም አይነካም።

«ታዲያ ለምን ሚሞሪው ላይ አትገለብጠውም?» ትሉኝ ይሆናል። ብቻዬን ብሆን እሱ ይቀላል፣ አልዋሽም። ግን አንድ ስልክ ጥግ ላይ ተቀምጦ ለሁለት ለሦስት ሰው ሲለቅ ደስ ይላል። ፒኤስፒው ቻርጅ የሚሆነው በ5 ቮልት ስለሆነ ትክክለኛው ገመድ ካለ ፓወር ባንክ ይበቃዋል፤ መብራት በማይታመንበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ የተቋረጠው ሻደይ ሊደርስ ሲል ነበር። ኦንላይን «ሴቭ» ያደረግነው ሁሉ ዝም አለ። የሚዘፍነው ፋይሉ በእጁ ያለ ሰው ስልክ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምወደውን የኽምጥኛ ዘፈን ሊንኩን ብቻ ለሚልክልኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ ፋይሉን ላክልኝ።