አዲሱ ቀፎ ሮብ ገበያ ላይ ለምን ይቆርጣል?

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ በጮቄ ተራራ ጉያ የተቀመጠች የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ገበያ ሲቆም ድንችና ገብስ የሚያነሳ ነጋዴ ዋጋ የሚጨርሰው በስልክ ነው። ማርቆስ ያለው ተቀባይ «ኩንታሉ ስንት ገባ?» ይላል፤ እዚህ ያለው «አሎ! አሎ! ይሰማል?» እያለ ከቆርቆሮው ጥላ ወጥቶ ወደ ዳገቱ ይራመዳል፤ ድምፁ ይቆራረጥና መስመሩ ጭጭ ይላል። አዲሱን ስማርት ስልክ ኪሱ ከትቶ «ወንድም ዓለም፣ እስቲ አንድ ጊዜ ስልክህን» ብሎ ከጎኑ ካለው ሰው ባለ ቁልፍ ስልክ ይዋሳል። ባለ ቁልፉ ሳይቆርጥ ያወራል።

ያን ያህል ብር የወጣበት ዕቃ ከአሮጌው ሲያንስ ያናድዳል። «ፎርጅድ ሸጡልኝ» የሚባለውም ያኔ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀፎው ደህና ሆኖ ነው የሚቆርጠው።

ስልክ፣ ካሜራውና ስክሪኑ ሲነሳለት፣ የሚልክና የሚቀበል ሬዲዮ ነው። ማማው ወደ ቀፎው ይልካል፣ ቀፎው ለማማው ይመልሳል። ጉልበታቸው ግን አይመጣጠንም። የማማው ኃይል በአሥራዎች ዋት ይቆጠራል፤ ባለ ቁልፉ የ2ጂ ስልክ በ900 ሜጋኸርዝ ሲሠራ እስከ 2 ዋት ያወጣል፤ 3ጂ ወይም 4ጂ ላይ ያለ ስማርት ስልክ ግን ከሩብ ዋት ብዙም አያልፍም። ማዶ ለማዶ ቆመው የሚጣሩ ሁለት ሰዎችን ያስቡ፤ የአንደኛው ድምፅ ጎርናና፣ የሌላው ጉሮሮ የተዘጋ። ጉሮሮው የተዘጋው የተጠራውን አጥርቶ ይሰማል፤ የእሱ መልስ ግን ገደሉን አይሻገርም። ስክሪኑ ጫፍ ላይ የሚቆሙት የኔትወርክ ዘንጎች የሚያሳዩትም ቀፎው ማማውን ምን ያህል እንደሚሰማው ነው። ማማው ቀፎውን ይስማው አይስማው ከዚያ ላይ አይነበብም። «ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ እንዴት ይቆርጣል?» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ይኸው ነው።

ዘንጎቹ ራሳቸውም እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። ስንቱ ዘንግ ምን ያህል ሲግናል ማለት እንደሆነ የሚወስነው እያንዳንዱ አምራች ነው። አይፎን 4 እ.ኤ.አ. በሰኔ 24 ቀን 2010 ገበያ ላይ ሲውል ገዢዎች ጥሪ ይቆርጥብናል ብለው ጮኹ። የስልኩ የብረት ጠርዝ ራሱ አንቴናው ነበር፤ ከታች በግራ በኩል ያለውን ቀጭን ክፍተት መዳፍ ሲሸፍነው ሲግናሉ ይወድቃል። አፕል በጥቂት ቀናት ውስጥ የዘንጎቹ ስሌት የተሳሳተ እንደነበረና አንዳንዴም ሁለት ዘንግ አብልጦ ያሳይ እንደነበር አመነ። የአፕል ኃላፊ የነበሩት ስቲቭ ጆብስም በሐምሌ 16 ጋዜጠኞች ሰብስበው ለገዢዎች ነጻ መሸፈኛ እንደሚሰጥ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ገዢዎች ያቀረቡት ክስ በአሜሪካ በስምምነት ሲያልቅ ለተጠቃሚው 15 ዶላር ወይም መሸፈኛ ቀረበለት። የዛሬዎቹም ቀፎዎች አንቴናቸውን በአብዛኛው ከላይና ከታች ጠርዛቸው ላይ ነው የሚይዙት። የብረት ከቨር ያጠለቀ፣ ወይም ስልኩን ከታች ጨምድዶ የሚያወራ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ቢያውቀው የምመኘው የ4ጂን ጠባይ ነው። 4ጂ የተሠራው ለኢንተርኔት ነው። ድምፅ በ4ጂ ላይ የሚሄደው ቮልቲ በሚባለው አሠራር ሲሆን፣ ለዚያም ቀፎው፣ ሲም ካርዱና ኔትወርኩ ሦስቱም መስማማት አለባቸው። ካልተስማሙ ስልኩ ጥሪ በመጣ ቁጥር 4ጂን ለቆ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል፤ ወሬው ሲያልቅ ተመልሶ ይወጣል። ይህ መውረድና መውጣት ሴኮንዶች ይፈጃል። ሲግናሉ በሳሳበት ቦታ ደግሞ ስልኩ የሚያርፍበትን ማማ ሲፈልግ ጥሪው ያመልጣል፤ ደዋዩ «ማግኘት አይችሉም» ይባላል፣ ባለ ስልኩ ቀፎውን እጁ ላይ ይዞ ሳለ። ባለ ቁልፉ የ2ጂ ስልክ ወደ 4ጂ ስለማይወጣ መውረድም የለበትም። ነጋዴውን ያወጣው ይህ ነው።

መሬቱም የራሱ ድርሻ አለው። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 33 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የ3ጂው የ2100 ሞገድ ደግሞ ወደ 14። ረጅሙ ሞገድ ተረተሩን ጠመዝመዝ ብሎ ሸለቆው ውስጥ ትንሽ ይደርሳል፤ አጭሩ ተራራው ጥላ ሥር ይቀራል። ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ 4,100 ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ በገደላ ገደል የተቆራረጠ አገር ስለሆነ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ኔትወርክ መጥቶ ኔትወርክ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታ የሚወጣውም ለዚህ ነው። መውጣት ግን ሁልጊዜ አይረዳም። አናቱ ላይ የቆመ ስልክ ሩቅ ለሩቅ ያሉ ብዙ ማማዎችን ባንዴ ይሰማል፤ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ጠንካራ ስለማያገኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ጥሪው መሀል ላይ ይወድቃል። ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ማማው ወዳለበት ፊት ለፊት መቆም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ቆርቆሮ ሞገድ ስለሚመልስ ከቆርቆሮ ቤት ወደ ደጅ መውጣት እውነትም ይረዳል። ጉሙ ግን በከንቱ ነው የሚታማው፤ የጉም ጠብታ ከሞገዱ አንጻር እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ የስልክን ሲግናል አይነካም። ክረምት ላይ ኃይለኛ ዝናብ የሚያስቸግረው ማማን ከማማ የሚያገናኘውን የማይክሮዌቭ መስመር ነው።

ቀፎው የማይጠየቅባቸው ጊዜያትም አሉ። መብራት ጠፍቶ የማማው ባትሪ ሲያልቅ የሁሉም ስልክ ኔትወርክ ያጣል። በገበያ ቀን ደግሞ ሕዝቡ ይበዛል፤ በ2ጂ አንድ የሬዲዮ ቻናል በተለመደው አሠራር ባንዴ ከ8 ጥሪ በላይ አይሸከምም። ያኔ ጥሪው ከመቁረጥ ይልቅ ከመጀመሪያውም አልወጣ ይላል፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ሲቆይም ሰው ስልኩን ሴቲንግ ውስጥ ቢያገላብጠው የሚያገኘው ነገር አልነበረም።

ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኢትዮ ቴሌኮሙን 09 እና የሳፋሪኮሙን 07 አንድ ቀፎ ውስጥ የሚይዝ ሰው በርክቷል። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሲም ስልኮች ግን ሬዲዮአቸው አንድ ነው። በአንዱ ሲም እያወሩ ሳለ በሌላው የደወለ ሰው አያገኝዎትም። ከውጭ በዘመድ የተላከ ስልክ ደግሞ ለመጣበት አገር ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ አሜሪካ 2ጂ የሠራው በ850 እና በ1900 ስለነበር የእኛን 900 እና 1800 የማያውቅ አሮጌ ቀፎም ያጋጥማል።

እንግዲህ አዲስ ቀፎ ገዝተው ከቆረጠብዎት መጀመሪያ ሲሙን አውጥተው እዚያው ቦታ ላይ በሌላ ስልክ ይሞክሩት። እዚያም ከቆረጠ ችግሩ የኔትወርኩ ወይም የሲሙ ነው፤ ካልቆረጠ ወደ ቀፎው ይመለሱ። ከቨሩን ያውልቁ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ይመልሱት፣ ሶፍትዌሩን አፕዴት ያድርጉ፤ አዲስ በወጣ ሞዴል ላይ የሬዲዮው ችግር በአፕዴት የሚስተካከልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሴቲንግ ገብተው የኔትወርኩን ዓይነት 2ጂ ብቻ ያድርጉና ይደውሉ። በ2ጂ ሳይቆርጥ ካወራ ችግሩ ከ4ጂ መውረዱ ላይ ነው፤ በገበያ ቀን እንደዚያው አድርጎ መዋል ይቻላል፣ ኢንተርኔቱ ቢንቀረፈፍም። ፎርጅድ ነው ብለው ከጠረጠሩ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ይምቱ፤ የሚመጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ካልገጠመ ከሻጩ ጋር የሚነጋገሩበት ነገር አለ።

ለኢትዮ ቴሌኮም ወደ 994 ሲደውሉም «ኔትወርክ የለም» ብቻ አይበሉ። የቆሙበትን ቀበሌና ልዩ ቦታ፣ ሰዓቱን፣ ስክሪኑ ላይ ያለው 4ጂ ይሁን 2ጂ፣ ጥሪው አልወጣም ወይስ መሀል ላይ ተቋረጠ የሚለውን ለይተው ይንገሩ። የተቋረጡ ጥሪዎች በየማማው ይመዘገባሉ፤ ባለሙያው ቦታውንና ሰዓቱን ካገኘ የት እንደሚፈልግ ያውቃል።