ወተቱ በማን እጅ? ደብተሩስ በማን ስም?

በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው አሰላና በአካባቢዋ ላም ማለብና እርጎ መናጥ የቆየ የእናቶች ሥራ ነው። የቅቤው ገንዘብም በአብዛኛው የሚውለው ለልጆች ልብስና ለጓዳ ጉድለት ነው።

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሲያቀርብ፣ ወተትም ሲሰበስብ ቆይቷል። ምርቱ አደገ። ይሁን እንጂ መሬቱ በባለርስቱ ስም ስለነበረ፣ ትራክተር ሲገባ ብዙ ጭሰኞች ተፈናቀሉ። ሀብት መብዛቱ ብቻውን ለሁሉም አልበቃም።

ዛሬም ጥያቄው ያው ነው። እርጎ በቤት ሲናጥ ቅቤው ከእናት እጅ ይገባል፤ ወተቱ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሲቀርብ ግን ሂሳቡ የሚከፈለው ለተመዘገበው አባል ነው። ደብተሩ በባል ስም ብቻ ከሆነ፣ የምታልበው እናት በስብሰባ ድምፅ፣ በትርፍም ድርሻ የላትም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ደግሞ እያንዳንዱ አባል፣ ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም፣ አንድ ድምፅ እንዳለው ይደነግጋል።

ስለዚህ እናቶች፣ ወተት የምታቀርቡም ሆናችሁ በከተማ እንጀራና በርበሬ በማኅበር የምታዘጋጁ፣ ዕጣውን በየራሳችሁ ስም ግዙ፤ ሂሳቡ ሲነበብም ተገኙ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው ሃምሳውም በየስማቸው ሲቆጠሩ ነው።