ድንቹ የሞተበትና ሰዉ ያለቀበት ምክንያት

የአየርላንድ ረሀብ ሲነሳ ጥፋቱ ሁሉ የሚላከከው በዓይን በማይታይ አንድ ተህዋስ ላይ ነው። ስሙ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ነው፤ ሻጋታ ይምሰል እንጂ ዝምድናው ለባሕር አልጌዎች ይቀርባል። በ1845 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መጀመሪያ በቤልጂየም ማሳዎች ታየ፤ ሴፕቴምበር ላይ አየርላንድ ገባ። ከድንቹ ቅጠል ሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ያንን ነፋስ ከማሳ ማሳ ያደርሰዋል። ቀዝቃዛና እርጥብ ቀን ከገጠመው ባለ ሁለት ጭራ ደቂቅ ዘሮች ይለቅቃል፤ እነሱም ቅጠሉ ላይ ባረፈችው ስስ ውኃ ውስጥ እየዋኙ ይሰራጩና ቅጠሉን ሰርስረው ይገባሉ። በሳምንት ገደማ አዲስ ዱቄት ይወጣል። ዝናብ አጥቦ ወደ አፈር ያወረደው ደግሞ ድንቹን ራሱን ያጠቃል። ሥጋው ይጠቁራል፣ ባክቴሪያ ይከተላል፣ ደህና መስሎ የተከማቸው ሁሉ ሸትቶ ይበሰብሳል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ድንቹ ለምን እንደሞተ በሚገባ ያስረዳል። ሰዉ ለምን እንዳለቀ ግን አይናገርም። ያው ተህዋስ የቤልጂየምን፣ የሆላንድንና የስኮትላንድ ደጋን ድንችም አጥፍቷል፤ እዚያም ሰው ተርቧል፣ ሞቷልም። አየርላንድ ግን በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ ከነበረው ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ያህሉ ሞተ፤ አብዛኛው የሞተው ረሀብን ተከትለው በመጡት ታይፈስ፣ ተመላላሽ ትኩሳትና ተቅማጥ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ተሰደደ።

ልዩነቱ መሬቱ ላይ ነው። በአየርላንድ የብዙ ጉልበት ሠራተኛ ደመወዝ ገንዘብ ሳይሆን ድንች የሚተክልባት ቁራሽ መሬት ነበረች። ከቁራሽ መሬት ቤተሰብ የሚያጠግብ ሌላ ሰብል ስላልነበረ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ኑሮውን በድንች ላይ ጣለ፤ አንድ ጎልማሳ በቀን አምስት ኪሎ ገደማ ይበላ ነበር። ይህን ሞኝነት ማለት አይቻልም፤ ድንች ከወተት ጋር ለሰውነት የሚጎድለው ጥቂት ነው። ችግሩ እንደ ገብስ ጎተራ ገብቶ ለከርሞ የማይተርፍ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ድሃው የሚተክለው ላምፐር የተባለው ዝርያ ከራሱ ከድንቹ የሚባዛ ስለሆነ፣ ማሳው ሁሉ አንድ ተክል እንደማለት ነበር። አንዱን የጣለ ሁሉንም ይጥላል። በ1846 ከምርቱ ሦስት አራተኛ በላይ ጠፋ።

ሕዝቡ ከመሬቱ አቅም በላይ ስለበዛ ነው የሚሉ አሉ። በስኩዌር ኪሎ ሜትር ከተሰላ ግን ቤልጂየም የበለጠ የተጨናነቀች ነበረች። ሌሎች ደግሞ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲጫን ሕዝቡ ተራበ ይላሉ፤ መጫኑ እርግጥ ነው፣ በ1846 መጨረሻ ወደቡ ቢዘጋ ኖሮ የስንቱ ነፍስ በተረፈ ነበር። ይሁንና ይህ ክርክር ብቻውን አያዛልቅም። በ1847 ወደ አገሪቱ የገባው በቆሎ ከወጣው እህል በልጦ ነበር፤ ሰዉ ግን መሞቱን አላቆመም። ድንቹን ያጣ ሰው ደመወዙንም አብሮ አጥቷልና ገበያ ላይ እህል ቢሞላ በምን ይገዛዋል? ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን የ1973 ረሀብ ሲመረምር ያገኘው ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ የወሎ ገበሬ መግዣ አጥቶ ሲራብ ከዚያው ከወሎ እህል ይወጣ ነበር።

ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ ሾርባው ነው። የብሪታንያ መንግሥት መጀመሪያ ረሀብተኛውን መንገድ እያሠራ መክፈልን መረጠ፤ በማርች 1847 ሰባት መቶ ሺህ ያህል የተዳከመ ሰው ድንጋይ ይፈልጥ ነበር፤ ክፍያው ግን የናረውን የምግብ ዋጋ አልደረሰበትም። ይህ አልሆን ሲል ሾርባ በነፃ ማደል ተጀመረ፣ በጁላይም በቀን ሦስት ሚሊዮን ሰው በላ፤ ሞትም ቀነሰ። ስለዚህ መመገብ አይቻልም ነበር የሚለው ሰበብ አይሠራም። ማዕዱ ግን በዚያው ዓመት መኸር ታጠፈ፤ ወጪውም በራሷ በአየርላንድ ግብር ላይ ተጣለ። በወጣው አዲስ ሕግ መሠረት ከሩብ ኤከር በላይ የያዘ ገበሬ እርዳታ የሚያገኘው መሬቱን ከለቀቀ ብቻ ነበር።