ማስዳር፦ ከጥላ የተጀመረች ከተማ

ከቦሌ ተነስቶ አቡ ዳቢ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ፣ በዓለም ብዙ ከተወራላቸው ከተሞች አንዷ አጠገብ መድረሱን ላያውቅ ይችላል። ማስዳር ከተማ የማረፊያው ጎረቤት ናት። ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጥተው ወደየአሠሪያቸው ቤት ሲጓዙ፣ አፈርማ ቀይ ግድግዳዎቿ ከዚያ ብዙም አይርቁም።

ስሟ በዐረብኛ “ምንጭ” ማለት ነው። በነዳጅ ዘይት የበለጸገው የአቡ ዳቢ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 በዚሁ ስም የታዳሽ ኃይል ድርጅት አቋቋመ፤ ከድርጅቱ ሥራዎች አንዱም ከተማ መቆርቆር ሆነ። ማስተር ፕላኑን የእንግሊዛዊው አርክቴክት የኖርማን ፎስተር ቢሮ ነደፈው፤ ግንባታው በ2008 ተጀመረ። 6 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን በረሃ ላይ፣ በ22 ቢሊዮን ዶላር፣ 50 ሺህ ሰው የሚኖርባት፣ ከካርበንም ከቆሻሻም ነጻ የሆነች ከተማ በ2016 ትጠናቀቃለች ተባለ።

“ከካርበን ነጻ” ሲባል ጭስ የሚባል ነገር ከናካቴው የለም ማለት አይደለም። ጉዳዩ የሒሳብ ነው። ከተማዋ በቀን፣ ፀሐይ ሲበረታ፣ ለራሷ ከሚያስፈልጋት በላይ ኤሌክትሪክ አመንጭታ ትርፉን ለአገሪቱ የኃይል መስመር ትሰጣለች፤ ማታ ደግሞ መልሳ ትበደራለች። ዓመቱ ሲዘጋ የሰጠችው ከተበደረችው ካላነሰ ሒሳቧ ንጹሕ ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ስሌት ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ማመንጨት ይቻላል የሚለው ሳይሆን፣ ሰው ሳይጎዳ በምን ያህል ትንሽ ኃይል መኖር ይችላል የሚለው ነው። አቡ ዳቢ ውስጥ ደግሞ ኃይል የሚበላው ሙቀቱ ነው። በበጋ ያለ ኤሲ ማደር አይታሰብም። ስለዚህ ነዳፊዎቹ ከፀሐይ ሰሌዳ በፊት ስለ ጥላ አሰቡ። ማስዳርን የምወድላት ለዚህ ነው።

የተማሩት ከጥንቶቹ ነው፤ እንደ የመኗ ሺባም እና እንደ ሶርያዋ ሐለብ ካሉት። ሐረር ጀጎል ውስጥ በቀትር የተመላለሰ ሰው ነገሩን ለመረዳት ሥዕል አያሻውም፦ ግንብ ለግንብ ተጠጋግቶ፣ መንገዱ ጠብቦ፣ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ ሲሆን። ማስዳርም ሕንጻዎቿን አቀራረበች፤ ጎዳናዎቿን ፀሐይ በቁሟ እንዳትገባባቸው፣ ነፋስ ግን እንዲያልፍባቸው ሰያፍ አድርጋ ዘረጋች። የመኖሪያ ሕንጻዎቹ በረንዳ የአሸዋ ቀለም ባለው፣ እንደ ማዕበል በተጠማዘዘና እንደ ወንፊት በተበሳሳ ግድግዳ ተሸፍኗል። ከውስጥ ያለው ሰው ደጁን ያያል፤ ፀሐይዋ ግን ተቆራርሳ ነው የምትገባው። በከተማዋ የተሠሩት ላቦራቶሪዎች የውጭ ግድግዳ ደግሞ አየር የተሞላ የፕላስቲክ ትራስ ለብሷል። ድንጋይ ቀን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ማታ በመንገደኛው ላይ ይተፋዋል፤ ይህ ልባስ ግን ሙቀት አያቁርም።

በከተማዋ አንድ አደባባይ መካከል 45 ሜትር የሚረዝም የብረት ማማ ቆሟል። የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ኤሲ ሳይመጣ በፊት በየቤታቸው አናት ላይ ይሠሩት የነበረው ባርጂል፣ የነፋስ ማማ፣ ልጅ ነው። ጫፉ ላይ ያሉት መዝጊያዎች ነፋስ በሚመጣበት በኩል ይከፈታሉ፤ ነፋሱ በማማው ሆድ ውስጥ ቁልቁል ሲወርድ የውኃ ብናኝ ይረጭበታል፤ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ ከታች ለቆመው ሰው ቀዝቀዝ ብሎ ይደርሰዋል። ከባሕር የሚመጣው እርጥበት አየሩን በሞላበት ቀን ግን ውኃው እንደ ልብ አይተንም፤ ማማውም ያን ያህል አይረዳም።

ውድ የነበረው ሐሳብ ሌላ ነው። ከተማዋ በሙሉ ከመሬት 7 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ወለል ላይ ልትሠራ፣ ላይኛው ለእግረኛ ብቻ ሊተው፣ ከወለሉ በታች ሾፌር የሌላቸው ትናንሽ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ሊመላለሱ ነበር። ተሳፋሪው ገብቶ መድረሻውን ይጫናል፤ ተሽከርካሪዋ ወለሉ ውስጥ የተቀበሩ ማግኔቶችን እየተከተለች ታደርሰዋለች። ተሽከርካሪዎቹ በ2010 ሥራ ጀመሩ፤ ሐሳቡ ግን ከአንዲት አጭር መስመር አላለፈም። በ2008 የዓለም ገንዘብ ቀውስ መጣ፣ አንድን ከተማ በሙሉ በምሰሶ ላይ ማንሳትም ወጪው የሚቻል አልሆነም፤ ቀጣዮቹ ሕንጻዎች እንደማንኛውም ቤት መሬት ላይ ተሠሩ።

ፀሐዩም ቢሆን ትምህርት ሰጥቷል። ከከተማዋ ዳር በ22 ሄክታር መሬት ላይ 10 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በ2009 ሥራ ጀመረ። በበረሃ የፀሐይ ሰሌዳ ጠላቱ አቧራ ነው። ብናኙ ሲጋርደው ምርቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሰው ሄዶ መጥረግ አለበት። ሰሌዳን በየጣሪያው ከመበተን ሜዳ ላይ ሰብስቦ መትከል ለመጥረግም ለመጠገንም እንደሚቀል ታወቀ።

የተባለው 2016 ሲደርስ የተገነባው ከዕቅዱ ጥቂቱ ነበር። ማጠናቀቂያው ወደ 2030 ተገፋ፤ “ከካርበን ነጻ” የሚለው ቃልም “ዝቅተኛ ካርበን” ወደሚለው ለዘበ። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ከሽፋለች ይሏታል። እኔ አልስማማም። የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ከ2015 ጀምሮ እዚያ ነው፤ ሰውም ይማርባታል፣ ይሠራባታል፣ ይኖርባታል። የሚከነክነኝ የሒሳቡ ድንበር ነው። ሕንጻው የሚቆጥበው ይመዘገባል፤ ወደ ሥራ በየማለዳው መኪና እያሽከረከረ የሚመጣው ሠራተኛ፣ አጠገቧ የሚነሣው አውሮፕላን፣ ሲሚንቶውና ብረቱ ሲመረት የወጣው ጭስ ግን በማን መዝገብ ይግባ? ከተማን የሚያቅድ ሁሉ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጽፎ ማስቀመጥ አለበት።

የነፋስ ማማው ሌላም ሥራ ተሰጥቶታል። የሰፈሩ ሕንጻዎች የፈጁት ኤሌክትሪክ ከተመደበላቸው በላይ መሆን አለመሆኑን በላዩ የሚበራው መብራት በቀለሙ ያሳያል። ቆጣሪ ሁልጊዜ ከበር ጀርባ ነው፤ ወር ሲያልቅ ቢሉ ካልመጣ የሚያየው የለም። እዚህ ግን ሰው አምሽቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ጎረቤቱም ያየዋል።